ሰባት ቤት የዞረው አሠልጣኝ

ይሻው ሻይ ጀምሮ አይጨርስም። ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ ይህን ያውቁለታል፤ ሻይ ቤት ገብተው እስከ ግማሽ የተጠጣ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ካዩ «ይሻው እዚህ ነበር እንዴ?» ብለው ይሳሳቃሉ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜው የቅኔ ተማሪ ነበር፣ ዲያቆን ነበር፣ ባጃጅ ነድቷል፣ ሰሊጥ አጭዷል፣ ለመሬት ልኬታ ገመድ ጎትቷል። ሁሉንም አሳምሮ ሠራ፣ ሁሉንም ትቶ ወጣ። ሰነፍ ነው የሚለው ጠላት እንኳ የለውም። መቀመጫው ይፈጀዋል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም፤ ይህችው ነውር ግን ለሦስት ሰው ትበቃለች።

አሁን ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ማዶ፣ በጋሼ ታደሰ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከገሳይም፣ ከእብናትም፣ ከጉና ሥርም ልጅ አስመርቆ ሥራ የሚያፈላልግ ሰው ሁሉ መጥቶ እሱ ፊት ይቀመጣል። ይሻው ማመልከቻ ይጽፋል፣ ሲቪ ያዘጋጃል። ሲቪ ማስረዘም ይችልበታል። የሁለት ቀን ስብሰባ በእሱ እጅ «ልዩ ሥልጠና» ይሆናል፤ ክረምት ላይ ችግኝ የተከለ ልጅ «በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የካበተ ልምድ» ይኖረዋል። አባቶች ወረቀቱን በእጃቸው መዘን አድርገው «ይኸ ሁሉ የኔ ልጅ ነው?» ሲሉ ደስ ይለዋል። ሥራ የሚሰጥ ሰው ወረቀት ሲያነብ ብዛቱን እንደሚያይ ከልቡ ያምናል።

ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነው።

ኳሷን ነክቷት አያውቅም። ቅርጫት ኳስ የሚባለውን ያየው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ መረቡ አልቆ ብረቱ ብቻ የቀረ ቀለበት ላይ ነው። እሱ የሚያሠለጥነው በኢንተርኔት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስተይብ መጥቶ ተራ ሲጠብቅ ከፍቶ ያሳየው ጨዋታ ነው፤ ተማሪው ተመርቆ ሄደ፣ ጨዋታው ይሻው ላይ ቀረ። ጨዋታ ይባል እንጂ የሚሮጥ ሰው አይታይበትም። ያለው ቁጥርና ሰንጠረዥ ነው። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ የፈጠራ ኮሌጅ ቡድን ይይዛሉ። ተጫዋች ይመለምላሉ፣ የልምምዱን ሰዓት ይከፋፍላሉ፣ ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ ይወስናሉ። የቀረውን ኮምፒውተሩ አስልቶ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውጤት ያወጣል። በአምስት ሳምንት አንድ የውድድር ዘመን ያልቃል። ዘመኑ ሲያልቅ ለአራት ቀን የሥራ ገበያ ይከፈታል፤ የፈለገ ቡድኑን ለቆ ለሌላ ያመለክታል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን አሠልጣኝ የሥራ ታሪክ ያይና ይኸ ይገባዋል፣ ይኸ አይገባውም ብሎ ይፈርዳል።

ጋሼ ታደሰ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» ይሉታል። ይሻው ሰምቶም አይሰማ።

ጨዋታውን የያዘው ባደገበት ልማድ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አኩፋዳ አንግቶ ከቤት የወጣ ልጅ ነው። የቅኔ ተማሪ አንዱ መምህር ያለውን ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጎንጅ አለ፣ ዋሸራ አለ፣ ዋድላ አለ፤ የየቤቱ መንገድ ይለያያል። ተማሪና ተማሪ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው «ከማን ከማን ዘንድ ቆጠርህ?» እየተባባለ ነው። አንድ ስም የሚጠራ ልጅ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ አምስት ስድስት የሚጠራ ወደ ውስጥ ይሳባል። ይሻው ሦስቱንም ቤት ቀምሶ የሰባት መምህራን ስም የሚጠራ ነበር። ቅኔው ኋላ ቢደበዝዝበትም እነዚያ ስሞች ሲጠሩ የሚሰማው ሙቀት ከደሙ አልወጣም።

ስለዚህ በጨዋታውም ዞረ። ከታች፣ ከሦስተኛው የውድድር ክፍል፣ ማንም የማይፈልገውን ቡድን ያነሣል። ኦክ ክሪክ የምትባል ነበረች፤ ማሸነፍ ምን እንደሆነ የረሳች ምስኪን። በአንድ ዘመን ለማጠቃለያው ውድድር አበቃትና ገበያው ሲከፈት ለቆ ሄደ። ቀጥሎ ፌርደን፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። በሰባት ዘመን ሰባት ቡድን ያዘ። እያንዳንዷን ከወደቀችበት አንሥቶ፣ ስሟን በታሪክ ገጹ ላይ አስጽፎ፣ በማግሥቱ ብድግ። ገጹ ረዘመ። አንድ ቀን በባለቀለም አትሞ ግድግዳው ላይ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ለጠፈው፤ ጋሼ ታደሰ ስለ ቀለሙ ሁለት ቀን ተቆጡ።

ከሰባተኛው ዘመን በኋላ ካርቨር ሂል ባዶ ሆነ። በአንደኛው ክፍል ሦስት ጊዜ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው፤ አሠልጣኙ ጨዋታው ሰለቸኝ ብሎ ተወው። ይሻው ገበያው እንደተከፈተ አመለከተ። ከዚያ በኋላ እግሩ አላርፍ ብሎ በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ እስከ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወጥቶ ወረደ። ሰባት ስም የጠራ ሰው ማን ከበር ይመልሰዋል?

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ መልስ መጣ፦ «የሥራ ታሪክዎን አይተናል። ከእኛ ጋር እንደሚቆዩ ለማመን ተቸግረናል።»

ቦታውን ያገኘው ሁለት ቡድን ብቻ የያዘ፣ ማንም ስሙን የማያነሣው ሰው ነበር። ይሻው ተናደደ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ እፍረት ነበረ፤ እፍረቱ ባሰበት። በጨዋታው የመወያያ ገጽ ላይ «ይኸ ኮምፒውተር ማንበብ አይችልም ወይ?» ብሎ ጻፈ። ብዙው ሳቀበት። በቁም ነገር የመለሰለት ዋልት የሚባል ጡረተኛ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዘመን አንዲት ቡድን ላይ የተቀመጠ ሰው። እንግሊዝኛው ቀላል ስለነበር ይሻው መዝገበ ቃላት የከፈተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«ኮምፒውተሩ አብዝቶ የሚያየው ያለፉትን አራት ዘመናት ነው» ይላል ዋልት፤ «ከዚያ በፊት የሠራኸው እየደበዘዘ ይሄዳል። ስንት አሸነፈ፣ ማጠቃለያው ላይ ደረሰ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የት እንዳሸነፍህም ይመዝናል፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሃያ ጊዜ ማሸነፍ አንደኛው ላይ አሥር ጊዜ እንደማሸነፍ አይቆጠርም። ከዚያ ታማኝነት የሚባል ቁጥር አለ። በቆየህ መጠን ይወጣል፣ በለቀቅህ መጠን ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ይፈጥናል። ያንተን አየሁት። ከዚህ በታች መውረድ የሚቻል አይመስለኝም።» ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምሮበታል፦ «ከሄድህ በኋላ ቡድኖችህ ምን እንደሆኑ አይተህ ታውቃለህ?»

አይቶ አያውቅም። ከፈተና አየ። ኦክ ክሪክ ሦስት ጊዜ አሸንፋ ሃያ አራት ጊዜ ተሸንፋለች። ፌርደን አሠልጣኝ አጥታ ኮምፒውተሩ ራሱ እያንገዳገደ ይመራታል። እሱ አሳምኖ ያመጣቸው ልጆች ቁጥራቸው ሳያድግ ባሉበት ደርቀዋል። ልጆች የተባሉት ቁጥሮች ናቸው፤ ቁጥር አያዝንም፣ አይራብም። ይሻው ግን ሆዱ ባባ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ላጠው።

«ምነው፣ ቀለሙ ለቀቀ?» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ሲቀጥሩ ምን ያያሉ?»

«አንተን ስቀጥር ነው የምትለኝ?»

«እሽ፣ እኔን ሲቀጥሩ።»

«ሲቪህን አምጥተህ ነበር። አራት ገጽ። አንደኛውን አንብቤ ሦስቱን ለመጠቅለያ አደረግሁት።» መነጽራቸውን በጣታቸው ገፋ አደረጉ። «እኔ ያየሁት ሠርካለምን ነው። ያች ልጅ ስድስት ዓመት አንድ በር ላይ ተቀምጣለች። የእሷ ቤት ሰው ከሆነ ጥቂት ቢረጋ ነው ብዬ።»

ሠርካለም ሚስቱ ናት። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር በአንድ የስፌት መኪና ትሠራለች፤ ከበስተጀርባ ያለችው ክፍል ቤታቸው ናት። የከተማው ተማሪ ግማሹ የለበሰው ዩኒፎርም በእሷ እጅ ያለፈ ነው ቢባል ብዙ ሐሰት የለበትም። ጋሼ ታደሰ ያሉት እውነት ነው፤ ሰው ይሻውን የሚያምነው በእሷ ዋስትና ነበር።

የተጋቡት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። በአምስቱ ዓመት ይሻው ሦስት ጊዜ ሄዷል፤ አንዴ መተማ ለሰሊጥ፣ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ ባሕር ዳር። ተጣልቶ አልነበረም። ጠዋት ተነሥቶ «ደርሼ ልምጣ» ይላታል፣ ወራት ይቆጠራሉ። ከባሕር ዳር ሲመለስ በሩን ከፈተችለት፣ ውሃ አሞቀችለት፣ እግሩን እየታጠበ ሳለ እንዲህ አለችው፦ «ሦስት ጊዜ ከፈትሁልህ። በአራተኛው አታንኳኳ፤ እኔንም ራስህንም አታድክም።» አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር፤ ጩኸት ይበርዳል። ይህች ግን አስባበት የቆየችው ነገር ነበረች፤ እንደምታደርገውም ያውቃል።

ያን ሰሞን ይሻው ያለባት ሰባተኛዋ ቡድን ሚልብሩክ ትባላለች፤ በሁለተኛው ክፍል መሀል ላይ የምትንፏቀቅ ናት። አራት ዘመን እዚህችው ላይ እቀመጣለሁ አለ። አራት ዘመን ማለት ሃያ ሳምንት ነው። ለሌላ ሰው ሃያ ሳምንት ምንም አይደለም፤ ለይሻው ግን ጾም ነው፤ ያውም የማይፈታ።

የመጀመሪያው ዘመን በእልህ አለፈ። ሁለተኛው ገደለው። ሚልብሩክ ዘጠኝ ጊዜ ተከታትላ ተሸነፈች፤ ገበያው ሲከፈት ከእሷ የተሻሉ ሁለት ቡድኖች ባዶ ሆነው ከስማቸው ፊት «ብቁ ነዎት» የሚል አረንጓዴ ቃል በራ። ይሻው እጁን ከማውዙ ላይ አነሣ፣ መለሰ፣ አነሣ። በመጨረሻ ደንበኛ ትቶ ወጣና የገሳይን መንገድ ይዞ ከተማው እስኪያልቅ ሄደ። የጉና ነፋስ ፊቱን ሲገርፈው ቆም አለ፤ ወደፊት ቢሄድ ማን ይይዘዋል? ተመለሰ። በስፌት ቤቱ በር ሲያልፍ ሠርካለም አየችው።

«ወዴት ነበርህ?»

«እንዲሁ። እግሬን ላፍታታ ብዬ።»

ፊቱን አየችው፣ መመለሱን አየች፣ ወደ ስፌቷ ዞረች።

መቼም ሰው ከተቀመጠ የሚያየው አያጣም። በመጀመሪያው ዘመን የመለመለው ዴሪክ የሚባል ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ፈዛዛ፣ ቀለበቱን ነክቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ የማይሆንለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሻው የዚህን ልጅ መጨረሻ አያየውም ነበር። አሁን በየሳምንቱ ቁጥሩ አንዲት አንዲት እያለ ሲጨምር አየ። በሦስተኛው ዘመን ዴሪክን የሚያልፍ ጠፋ። ይሻው አንድ ነገር ከሥሩ ጀምሮ ሲያድግ ቆሞ ሲያይ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ አለው፣ ደስ ማለቱም አስገረመው። የስልክ ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ሲያስቸግር የጋሼ ታደሰ የገመድ ኢንተርኔት ግን ስለማይቋረጥ፣ ለጨዋታው ሲል ሱቁንም አልለቀቀም። በአንድ ሥራ ላይ ይህን ያህል ቆይቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ዘመን እኩሌታ ላይ ሀብታሙ ከሐዋሳ ደወለ። ሀብታሙ የባጃጅ ዘመን ጓደኛው ነው፤ እዚያ አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፈረቃ ይመራል። ሰው ጎድሎባቸዋል፣ ደመወዙ ደኅና ነው፣ በሳምንት ውስጥ መድረስ አለበት። ይሻው አውቶቡሱን፣ ሐይቁን፣ አዲሱን ፊት ሁሉ በአንዴ አየ። ቀጥሎ ግን ጠየቀ፦ «ስልክ መጠቀም ይቻላል?»

«ስልክማ በር ላይ ተቀምጦ ነው የሚገባው። አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ፈረቃው።»

ሚልብሩክ አሥራ አራት አሸንፋ ሁለት ብቻ ተሸንፋለች። አሁን ቢለቃት ታማኝነቱ ተመልሶ ገደል ይገባል፣ ያ ሁሉ መቀመጥ ውሃ በልቶት ይቀራል።

«አልመጣም ሀብቴ» አለ። «እዚሁ ነኝ። አይ፣ ቁርጤን ነው። እዚሁ ነኝ።»

ይህን ያለው በስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው። ሠርካለም ውስጥ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። መቀሷ ቆመች፣ ከዚያ ቀጠለች።  እሱም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ሱቅ ሄደ፤ ምን ብሎ ይጀምረው?

በዚያው ሳምንት ሠርካለም ቀይ ከፋይ ገዛች፤ ወርቃማ ጥልፍ ያለው ዘርፍ ገዛች። የደንበኛ ሥራ ወደ ጎን አድርጋ አንድ ትልቅ መጋረጃ ትሰፋ ጀመር። ይሻው «የማን ነው?» ሲላት «የስለት ነው» አለችው፤ እሱም ስለ ዴሪክ እያሰበ ስለነበር የማን ስለት እንደሆነ አልጠየቀም። ስለቱ የእሷው ነበር። ባሕር ዳር በነበረባቸው ወራት፣ ይኸ ሰው እግሩ ረግቶ «እዚሁ ነኝ» ሲል ካሰማሽኝ መጋረጃ አገባለሁ ብላ ለእመቤታችን ተስላ ኖራለች። እሑድ ጠዋት ተሸክማ ሄዳ ሰጠች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ለጎረቤቷም «የኔ ሰው ረጋልኝ» ብላ ነገረች። ይህን ከይሻው በቀር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

አራተኛው ዘመን አለቀ። ሚልብሩክ ማጠቃለያው ላይ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዷ ሆነች። ገበያው ሲከፈት ደግሞ ካርቨር ሂል እንደገና ባዶ ነበር፤ ያ ሁለት ቡድን የያዘው ሰው ቡድኑን ዝቅ ስላደረገ ተባሯል። ይሻው አመለከተ። በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ መልሱ መጣ፦ «የሥራ ታሪክዎ አርክቶናል። ቦታው የእርስዎ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያረጋግጡልን።»

ጮኸ። አንዲት ማመልከቻ ልታስጽፍ የመጣች ሴት ደንግጣ ወረቀቷን ጣለች። ጋሼ ታደሰ «ምን ነካህ?» ብለው ሳይጨርሱ ዝናቡን ሰንጥቆ ወደ ሠርካለም ሮጠ።

እየሳቀ፣ ውሃው ከጸጉሩ እየተንጠባጠበ ነገራት። እሷም በሳቁ ሳቀች። ጨዋታውን አታውቀውም፤ ከዓመት በላይ አንድ የማይገባት ነገር እንደሚያስደስተው ግን ታውቃለች።

«ተቀበሉህ በለኛ!»

«ተቀበሉኝ! አራት ዘመን ስለቆየሁ እኮ ነው። ቆይታ ነው የሚያዩት፤ እኔ ሞኙ ብዛት መስሎኝ። ሀብታሙን እምቢ ያልሁት ለዚህ ነበር፤ ያን ጊዜ ሐዋሳ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ይኸ የለም። አየሽ…»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ለዚህ ነበር?» አለች።

«ምኑ?»

«ሀብታሙን እምቢ ያልኸው።»

 ያን ጊዜ ነው የተናገረው ነገር ወደ ራሱ ጆሮ የደረሰው።

«እኔኮ» አለች ሠርካለም፣ «ለእኔ መስሎኝ ነበር።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ለአንችም ነው» ሊል ፈለገ። ሲቪ አስረዝሞ ያውቃል፣ ይህችን ግን ማስረዘም አልቻለም።

«ያችስ?» አለችው።

«የትኛዋ?»

«አራት ዘመን የተቀመጥህባት።»

«ሚልብሩክ? እሷንማ… እለቃታለሁ።»

«እንዲያ ነው» አለችና የመኪናውን መንኮራኩር በእጇ አዞረች። ከዚያ ወዲያ እስከ ማግሥቱ ድረስ የሰማው የስፌቱን ድምፅ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሱቁን ራሱ ከፈተው። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ገጹ ላይ ሁለት ቃል ተቀምጧል፤ «እቀበላለሁ»፣ «አልቀበልም»። የትናንቱን ደስታ ፈልጎ አጣው። ስለ ካርቨር ሂል ሊያስብ ሲሞክር የሚመጣበት የእሷ ድምፅ ነው፤ ያውም የማይቆጣው ድምፅ። ያ መጋረጃ የማን ስለት እንደነበረ አሁን ገባው። ሃያ ሳምንት ሙሉ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ያመነችውን አምና፣ ጨርቅ ቀድዳ፣ ሰፍታ፣ አመስግና። እሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኑ ሰንጠረዥ ላይ ነበር። አፈረ፤ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። «አልቀበልም» የሚለውን ተጫነ።

እምቢ የተባለ ሥራ በታሪክ ገጽ ላይ አይጻፍም። ከፍቶ ቢያይ ገጹ ትናንት እንደነበረው ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም። ሮጦ ሊነግራት ተነሣ፤ ከበሩ ሳይደርስ ቆመ። ከነገራት ያችም አንዲት መስመር ትሆናለች፤ እዩልኝ ተብላ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ። ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እንጀራው ነው። ተመልሶ ተቀመጠና እስከ ምሳ ሰዓት ማመልከቻ ሲጽፍ ዋለ።

ለምሳ ሲሄድ ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል። ልብሶቹ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ታጥፈው ገብተዋል።

«ለሀብታሙ ደወልሁለት» አለች ሠርካለም ከመኪናዋ ሳትነሣ። «ቦታ አለ ብሏል። ሐዋሳ ሞቃት ነው አሉ፤ ጋቢውን አላስገባሁልህም።»

«ሂድ እያልሽኝ ነው?»

«አላባረርሁህም። ቤትህ ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ግን ለመሄድ ሲል የሚቆይ ሰው እያየሁ አላረጅም። መሄድህን ችዬዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቻልሁት። ይኸኛውን ነው የማልችለው።»

ይሻው ሻንጣውን አየው። በሩ ክፍት ነው፤ ዝናቡም አቁሟል፤ መንገዱ ታጥቦ ይታያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እግሩ ከእሱ ቀድሞ በወጣ። አሁንም ጣቶቹ ጫማው ውስጥ ይቁነጠነጣሉ፤ አልዋሸም፣ መሄድ አማረው። ከዚያ ተንበርክኮ ሻንጣውን ከፈተ። አንዱን ሸሚዝ አወጣና በጓዳው ግድግዳ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ሁለተኛውን አወጣ። ሱሪውን አወጣ። እሷ እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች ታየዋለች።

«ይኸስ?» አለች በመጨረሻ። «ይኸን ማን ይቆጥርልሃል?»

«ማንም።»

 ሱሪውን ይዞ እንደቆመ ነው።

«ያ ሚስማር ይነቃነቃል» አለችው፤ «በዚህኛው ስቀለው።»